ያረጀ ታንከርና የጭነት አውሮፕላን፦ ማደስ፣ ያገለገለ መግዛት፣ መከራየት ወይስ አዲሱን ቶሎ መረከብ?

በአየር ላይ ነዳጅ የሚሞላ ታንከር ወይም የጦር ጭነት አውሮፕላን አርጅቶባችሁ ተተኪውን የምትጠብቁ ከሆነ፣ ተተኪው በተባለበት ቀን እንደማይደርስ ከወዲሁ ቁርጡን እወቁ። ሰባት የኔቶ አገሮች በ2003 የኤርባስን ኤ400ኤም 180 አዘዙ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የመጀመሪያው ለፈረንሳይ የተሰጠው በ2013 ነው፤ ከታሰበው አራት ዓመት ገደማ ዘግይቶ። እስከዚያ ድረስ ጭነቱን የተሸከመው በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ትራንሳል የተባለው የጭነት አውሮፕላን ነበር፤ ጀርመን የመጨረሻውን ያሰናበተችው በ2021 መጨረሻ ላይ ነው። ታንከሩም ከዚህ የተሻለ ታሪክ የለውም። የቦይንግ ኬሲ-46 ውል በ2011 ተፈርሞ የመጀመሪያው አውሮፕላን የደረሰው በጥር 2019 ነው።

ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ የሚገዛው ጊዜ ነው። መንገዱ አራት ነው፤ ነገር ግን እኩል አይደሉም፣ እኔም እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

ማደስ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ሞተር ነው። ሻጩም የሚያወራው ስለ ሞተር ነው፤ ቁጥሩ ያምርለታላ። በ1957 አገልግሎት የጀመረው የአሜሪካ ታንከር ኬሲ-135 በሁለት ዓይነት መንገድ ታድሷል። በርካሹ መንገድ፣ ከሥራ ከወጡ የመንገደኛ ቦይንግ 707ዎች የተፈታ ሞተር ተገጠመለትና "ኢ" ተባለ። በውዱ መንገድ ደግሞ አዲስ የሲኤፍኤም56 ሞተር ተገጠመለትና "አር" ተባለ። የአሜሪካ አየር ኃይል በሚሰጠው መረጃ መሠረት "አር" ከመጀመሪያው ሞዴል 25 በመቶ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለሌላ አውሮፕላን የሚሰጠው ነዳጅም በ50 በመቶ ይበልጣል። "ኢ" ሞተሩን ከክንፉ ጋር የሚያያይዘው ማንጠልጠያ እየዛገ ሲያስቸግር ቆይቶ በ2009 ጡረታ ወጣ። "አር" ዛሬም ይበርራል፤ የመጨረሻው ኬሲ-135 ከፋብሪካ የወጣው ግን በ1965 ነው። ያገለገለ ሞተር በአሮጌ ክንፍ ላይ መስቀል የሚያዋጣው ጥቂት ዓመት ብቻ ለመሻገር ነው።

ያም ሆኖ ዕድሜውን የሚቆርጠው ክንፉ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ይቀየራል፤ ብረት ግን ይደክማል፣ ድካሙም ከውጭ አይታይም። በሰኔ 2002 በካሊፎርኒያ ዎከር አጠገብ እሳት ሲያጠፋ የነበረ፣ ከጦር ኃይል የወጣ ሲ-130ኤ የጭነት አውሮፕላን ማጥፊያውን እንደለቀቀ ሁለቱም ክንፎቹ ተገንጥለው ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። በምርመራው የብረት ድካም ስንጥቅ የተገኘው ከክንፉ መካከለኛ ክፍል ሥር ነው፤ ስንጥቁንም ለማጠናከሪያ የተደረበው ብረት ሸፍኖት ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ መካኒኩ ባትሪውን ይዞ ከሥር ቢመለከት የሚያየው ያንን ጤነኛ ድርብ ብረት ነው።

ከማንኛውም የእድሳት ውል በፊት አንድ አውሮፕላን ተፈትቶ ይታይ የምለው ለዚህ ነው። ከሁሉ የባሰ ሲበር የኖረው ይመረጥ፤ ዝቅ ብሎ በሚናወጥ አየር ውስጥ የሠራ፣ ከባድ ጭነት ይዞ ደጋግሞ ያረፈ፣ በባሕር ዳርቻ የቆመ። የበረራ ሰዓቱ ብቻ አይንገራችሁ። ታንከሮች ብዙውን ጊዜ ሰዓታቸው ትንሽ ነው፤ ከፍ ብለው በእርጋታም ስለሚበሩ ድካማቸው ትንሽ ነው፤ እነሱን የሚበላቸው ዝገት ነው። የጭነት አውሮፕላኑን የሚጥለው ድካሙ ነው። የሁለቱ ምርመራ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም።

ክንፍ መቀየርም ቢሆን ዋስትና አይደለም። ግዙፉ የአሜሪካ የጭነት አውሮፕላን ሲ-5 ክንፉ ተሰነጣጥቆ በ1980ዎቹ 77 የ"ኤ" ሞዴሎች አዲስ ክንፍ ተሠራላቸው። በኋላ አዲስ ሞተር ተገጥሞላቸው "ኤም" ከተባሉት 52 አውሮፕላኖች ውስጥ ግን "ኤ" የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ "ኤ"ዎች ከሥራ ወጡ። ክንፉን የቀየረ ሁሉ የቀረውን ለመቀየር አቅም ይተርፈዋል ማለት አይደለም።

ያገለገለ መግዛት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የእናንተኑ ዓይነት አሮጌ ገዝቶ እየፈቱ መለዋወጫ ማድረግ ነው። ለጥቂት ዓመት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ያው ዝገት ከያው ዘመን ነው የሚመጣው። ሁለተኛው በአንጻራዊነት ወጣት የሆነ የመንገደኛ አውሮፕላን ገዝቶ ወደ ታንከር መለወጥ ነው። ካናዳ በ2023 ካዘዘቻቸው 9 የኤርባስ ኤ330 ታንከሮች ውስጥ አምስቱ ያገለገሉ ናቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ይሄኛው ይሻላል።

በሁለቱም ግን ወረቀቱን አትመኑ። በሐምሌ 2017 በሚሲሲፒ የወደቀው ኬሲ-130ቲ (የሲ-130 ታንከር ሞዴል) 16 ሰው ይዞ ነበር፤ አንድም አልተረፈም። ከግራ ክንፍ ፕሮፔለሮች አንዱ ምላጭ በበረራ ላይ ተነቅሎ የአውሮፕላኑን አካል ሰንጥቆ ገባ። ያ ምላጭ በ2011 ወደ ጥገና ማዕከል ገብቶ ነበር፤ ዝገቱ ሳይወገድ ወጣና ከጊዜ ጋር ወደ ስንጥቅ ተለወጠ። ከጥገና ማዕከል መውጣቱ ብቻ ዋስትና አልሆነም።

ኪራዩ ሻንጣ የሌለው እንግዳ ይመስላል፤ ሃንጋር አይጠይቅ፣ መለዋወጫ አያከማች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከግል ድርጅት ታንከሮች ነዳጅ ሲቀዳ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለሥልጠናና ለረጅም ዝውውር ያዋጣል። ለጦርነት ግን የግል ታንከር አትመኩ። ብሪታንያ ከዚህ አልፋ በ2008 የ27 ዓመት ውል ፈረመች፤ 14 ቮዬጀሮች (ታንከር የሆኑ ኤ330ዎች)፣ ባለቤታቸው ኩባንያ። አውሮፕላኖቹ ነዳጅ የሚሰጡት በጎማ ቱቦ ብቻ ነው፣ የማይተጣጠፈው ጠንካራ ቱቦ (ቡም) የላቸውም። የብሪታንያ አየር ኃይል ራሱ ያሉት የጭነት አውሮፕላኑ ሲ-17 እና የባሕር ቅኝት አውሮፕላኑ ፒ-8 ደግሞ የሚቀበሉት በቡም ብቻ ነው። ማለትም የራሱ ታንከር እነዚህን የራሱን አውሮፕላኖች መሙላት አይችልም። ውል ስትፈርሙ ዛሬ ያላችሁን ብቻ አትቁጠሩ።

አነስተኛ አየር ኃይል ከሆናችሁ ከሁሉ የምመርጠው በጋራ መግዛትን ነው። በኔዘርላንድስ አይንድሆቨን ያለው የኔቶ የኤ330 ቡድን ይህን ነው የሚያደርገው፤ አባል አገር አውሮፕላን ሳይሆን የበረራ ሰዓት ይገዛል።

አዲስ ለሚገዛ ፉክክሩ ኬሲ-46 ከኤ330 ነው። ኤ330 ተጨማሪ ታንክ ሳይገጠምለት 111 ቶን ነዳጅ ይይዛል፤ ኬሲ-46 96 ቶን ገደማ። ነገር ግን የኤ330 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሜትር ነው፣ የኬሲ-135 40 ሜትር። አሮጌው የገባበት ሃንጋር አዲሱን አያስገባም፤ ይህ ወጪ በአውሮፕላኑ ዋጋ ውስጥ አይታይም። በኬሲ-135 የቡሙ ሠራተኛ ከጭራው ሥር በደረቱ ተኝቶ በመስኮት ቁልቁል ያያል። በኬሲ-46 ልዩ መነጽር አድርጎ ወደ ፊት ተቀምጦ በስክሪን ነው የሚያየው፤ ፀሐይ በመጥፎ አቅጣጫ ስትመታ ምስሉ ይበላሻል፣ ርቀቱን መገመት ይከብደዋል። ማስተካከያው ከዓመት ዓመት ተገፍቷል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ርክክብ በሚጠብቁ አዲስ አውሮፕላኖች ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ ርክክቡ ለጊዜው ቆመ። አዲስም ይሰነጠቃል።

ክፍተቱ ከአምስት ዓመት በታች ከመሰላችሁ ተከራዩ ወይም ተጋሩ፤ አሮጌው ላይ ለደኅንነት ከሚያስፈልገው በላይ አታውጡ። ከ15 ዓመት በላይ ከሆነ አዲስ ሞተር ያዋጣል፣ ክንፉ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ብቻ። በመካከል ላለው ጊዜ ወደ ታንከር የተለወጠ ወጣት የመንገደኛ አውሮፕላን ይሻላል። የትኛውንም ብትመርጡ፣ አዲሱ ሲመጣ ጎበዝ መካኒኮችን ሁሉ ለሥልጠና ነቅላችሁ አትላኩ፤ አሮጌው በዚያው ወር ሙሉ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ዝገቱ የት እንደሚደበቅ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።