የቆዳ ጫማ ማክሰያ፦ በርሜል ወይስ ወፍራም ላሜራ?

«በርሜሉ ርካሽ ነው፣ ለምን አይበቃንም?» ድሬዳዋ ላይ አሮጌ የቆዳ ጫማ ሰብስበው ብረቱንና ከሰሉን ለማውጣት ያሰቡ ሁሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። አይበቃም። ገንዘባችሁን ከወፍራም ላሜራ በተሠራ ማክሰያ ላይ አውሉት።

ምክንያቱ ክሮም ነው። አብዛኛው የጫማ ቆዳ የሚለፋው በክሮም ሲሆን፣ ቆዳው ውስጥ እያለ ያን ያህል አይጎዳም። አየር ባለበት ሲቃጠል ግን ከፊሉ ካንሰር ወደሚያመጣው ክሮም 6 ይለወጣል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አቃጥሎ ብረት መልቀም ለንጽጽርም አይቀርብ። ቆዳው በታሸገ ዕቃ ውስጥ፣ ያለ አየር፣ ከ450 እስከ 550 ዲግሪ መክሰል አለበት።

በርሜል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህ ሙቀት ክዳኑ ይጣመማል፣ ግድግዳውም እየተላጠ ይሳሳል። ከሥሩ እሳቱ እየነደደ ሳለ ከቆዳው የሚወጣው ጋዝ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ክፍተቱ ችግር አይመስልም። ጉዱ የሚመጣው ሲበርድ ነው። የውስጡ ጋዝ ሲኮማተር በዚያው ክፍተት አየር ይገባል፣ የጋለው ከሰል ይቀጣጠላል፣ ጠዋት ሲከፈት በጥቁር ከሰል ፋንታ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አመድ ይገኛል። ጓንትና ጭንብል አድርጋችሁ ከአመዱ አንድ ማንኪያ በንጹህ ውሃ በጥብጡና አጥልሉት፤ ውሃው ቢጫ ከሆነ ክሮም 6 ተፈጥሯል ማለት ነው። ጥርት ብሎ ቢወጣም አመዱን አትመኑት።

ወፍራሙን ስታሠሩ ደግሞ በዓይን አትግዙ። «5 ሚሊ ነው» ተብሎ 3 ሚሊ ይሸጣል፤ አፉ ላይ ወፍራም ፍላንጅ (ክዳኑ የሚታሰርበት የብረት ቀለበት) ከተበየደበት በኋላ ከውጭ አይለይም። ፍላንጁ ሳይበየድ ሚዛን ላይ ይውጣ። ወርዱ 60፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ከነግርጌውና ከነክዳኑ በ5 ሚሊ 89 ኪሎ ገደማ፣ በ3 ሚሊ ደግሞ 53 ኪሎ ይመዝናል። ዋጋውንም በኪሎ ተነጋገሩ፦ የዕለቱ የላሜራ ኪሎ ዋጋ በ89 ሲባዛ የብረቱ ነው፣ የቀረው የእጅ ነው። የእጁ ከብረቱ ከበለጠ ተከራከሩ። ከበርሜል ጋር ስታስተያዩትም በዙር አካፍሉት። በርሜሉ 6 ዙር አገልግሎ ቢጣልና ወፍራሙ 90 ዙር ቢሄድ፣ የ15 በርሜል ዋጋ ብትከፍሉበትም አልከሰራችሁም።

ብየዳው ከውስጥም ከውጭም ይሁን። የክዳኑ ማሸጊያ የፋይበርግላስ ገመድ ነው፤ ጎማ ይቃጠላል፣ ከአሮጌ ማሽን የወጣ የአስቤስቶስ ገመድ በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

ሻጭ የሚቆጥብበት ሌላው ቦታ የጋዙ ቱቦ ነው። ባለ ግማሽ ኢንቹን ሬንጅ የመሰለ ዝቃጭ ይደፍነዋል፤ ከተደፈነ ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል። 2 ኢንች፣ ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። ጫፉን በቀጥታ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ ሲበርድ ውሃውን መልሶ ወደ ጋለው ዕቃ ይስበዋል። በመካከል ባዶ መጠራቀሚያ ይግባ። እዚያ የሚጠራቀመው ፈሳሽ አሞኒያና ሲያናይድ ሊይዝ ስለሚችል የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አይደፋም፤ ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

ከመጫናችሁ በፊት ቶማያውን (የጫማውን የላይኛ ክፍል) ከሶሉ ገንጥሉ፣ በመሃል ያለውን ብረትም ያኔውኑ አውጡት። ሶሉን ልትጨምሩ ካሰባችሁ የመዳብ ሽቦ አግላችሁ ንኩበትና ሽቦውን ወደ እሳቱ መልሱ። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒቪሲ ነው፣ አይገባም፤ የሚወጣው የአሲድ ጭስ 5 ሚሊውንም ይበላዋል።

የሚወጣው ጋዝ መልሶ ከሥሩ ይነድዳል፣ ማገዶ ይቆጥባል። ከሰሉ ግን ዕቃው በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ ሳይበርድ አይከፈት። ቀፊራ ገበያ ወስዶ ለቡና ማፍያ መሸጥም አይቻልም፦ ምድጃ ላይ ሲነድ ያው ክሮም አየር ያገኛል፣ ጭሱና አመዱም ቤት ውስጥ ይቀራል።