የጣት መቁጠሪያ ለችፌ ሕመምተኛ ምን ይጠቅማል? የተጠቃሚ ግምገማ

እንደ ቀለበት ጣት ላይ የምትጠለቀው ትንሽ ኤሌክትሮኒክ መቁጠሪያ በመርካቶ የምትሸጠው በአብዛኛው ዚክር (የአላህን ስም ደጋግሞ ማውሳት) ለሚያደርጉ ሰዎች ነው። እኔ የገዛኋት ግን ለዓመታት አብሮኝ የኖረውን የክርንና የአንገት ችፌ ለመከታተል፣ በቆዳ ሐኪሜ ምክር ነው። ትእዛዙ ቀላል ነበር፦ ቅባቱን እንደታዘዘልኝ እየተቀባሁ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ከማከክ ራሴን ለመግታት ሳልታገል፣ እጄ ወደ ቆዳዬ በሄደ ቁጥር ቁልፉን አንድ ጊዜ መጫን።

ዘዴው ረዘም ያለ ታሪክ አለው። አዝሪን እና ነን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጥፍር መንከስን የመሳሰሉ ልማዶችን ለማስተው እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡትን፣ በቆጠራ የሚጀምር ልምምድ የስዊድን ተመራማሪዎች ለችፌ ሕመምተኞች አዋሉት፤ ሃይድሮኮርቲሶን ቅባት ብቻ ከተጠቀሙት ይልቅ ልምምዱን የጨመሩበት የተሻለ ለውጥ ማሳየታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1986 አሳትመዋል።

የመቁጠሪያዋ ጥቅም ይበልጥ የታየኝ ማታ ማታ ቁጥሩን ከቀኑ ውሎ ጋር አጠገብ ለአጠገብ በማስታወሻ ደብተር ስጽፍ ነው። ከሁሉ የበለጠው ቁጥር የተመዘገበው አከራዬ ኪራይ ሊጨምሩ በደወሉበት ዕለት ሲሆን፣ ያን ቀን ቆዳዬ ከወትሮው የተለየ ድርቀት አልነበረውም። ስልኩን በቀኝ እጄ ይዤ «እሺ፣ እንነጋገርበታለን» እያልኩ ሳለ፣ መቁጠሪያዋን ያጠለቀው ግራ እጄ የቀኝ ክርኔን እጥፋት ከታች ወደ ላይ እየፈተገ ነበር፤ ማሳከክ ግን ጨርሶ አልተሰማኝም። በአፌ ያልወጣው ንዴት በጣቶቼ እየወጣ እንደነበር የተረዳሁት ቁልፉን ለመጫን ስል እጄን በማየቴ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ሳይታወቅ የሚደረግ ማከክ ከቀኑ ድምር ትልቅ ድርሻ እንደሚይዝ ደብተሩ ያሳያል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ቅባት ሊነግረን አይችልም።

ስሜትና ቆዳ የሚገናኙበት መንገድ በእጅ ብቻ አይደለም። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ የሚለቃቸው ሆርሞኖችና ከነርቭ ጫፎች የሚወጡ ኬሚካሎች በቆዳ ውስጥ ያሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ፣ የተጎዳው የላይኛው ሽፋን የሚጠገንበትንም ፍጥነት ያዘገያሉ። የተጎዳ ቆዳ ያሳክካል፣ ሲታከክ ይብሳል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ በትንሹም በትልቁም ይበሳጫል። ሆኖም ስሜት ችፌን ያባብሳል ማለት ችፌን ብቻውን ይፈጥራል ማለት አይደለም። ለቆዳ ሽፋን ጥንካሬ የሚያስፈልገውን ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲን የሚመለከተው የዘረ መል (ጂን) ጉድለት ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ይታወቃል። ይህን አጥብቄ የማነሳው «ጭንቀት ስታበዛ ነው፣ ተወው ይለቅሃል» የሚለው ምክር፣ በቅን ልብ ቢሰጥም፣ ሕመምተኛውን የሕመሙ ጥፋተኛ ስለሚያደርገው ነው።

ከቆጠራው ሳምንት በኋላ የሚመጣው ልምምድ፣ እጅ ወደ ቆዳ ሲነሳ ጡጫ ጨብጦ ቀስ ብሎ እስከ 30 መቁጠር፣ ማሳከኩ ካልተወ ደግሞ ቦታውን ሳይፍቁ በጥፍር ጫን ማድረግ ነው። ቁጥሬ ቀስ በቀስ ወርዷል፤ በመታከክ ብዛት የወፈረውና የጠቆረው የክርኔ ቆዳም እየለሰለሰ ነው። ቅባቱንም ስላላቋረጥኩ ምስጋናውን ለመቁጠሪያዋ ብቻ ልሰጥ አልችልም።

ስለ ዕቃዋ አሠራር ግን ቅሬታ አለኝ። ወደ ዜሮ የሚመልሰው ቁልፍ ከመቁጠሪያው ቁልፍ እጅግ በመቀራረቡ በጥድፊያ ሲነካ የቀኑ ቁጥር በሙሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እኩለ ቀን ላይ አንድ ጊዜ መጻፍ ይበጃል። የፕላስቲክ ማሰሪያዋ ላብ ስለሚይዝ ችፌው ጣቱ ላይ ላለበት ሰው አትሆንም፤ ኪስ ውስጥ ቢይዛት ይሻለዋል። በመዳፍ የምትያዘዋ ባለ አራት አሃዝ ብረት መቁጠሪያ ጠንካራ ብትሆንም ድምጿ በስብሰባም ሆነ በጸሎት ቤት ያሳፍራል፣ ኒኬል የማይስማማው ሰውም ቆዳው ሊቆጣበት ይችላል። ሁለቱም ቢሆኑ በእንቅልፍ ልብ የሚደረገውን ማከክ አይቆጥሩም፤ ለዚያ ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥ የተሻለ ነው።

ሳያውቀው የሚያክ፣ ሐኪም ያየውና ቅባቱን በአግባቡ የሚጠቀም ሰው ቢገዛት ይጠቀምባታል፤ ዋጋዋም እኔ ከምገዛው አንድ ቱቦ ቅባት ያነሰ ነው። ቆዳው እየቆሰለ ውሃ የሚያዥ ወይም መግል የያዘ ሰው ግን መቁጠሩን ትቶ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ይገባል። ቁጥር ማየት ራሱ የሚያስጨንቀው ሰውም አይግዛት፤ ለእርሱ በየትኛው ሰዓትና ከማን ጋር ሳለ እንዳከከ በደብተር መመዝገብ ይበቃዋል።