ሴትዩአይዲ ቢትን ማን ያውርድ፦ ከርነሉ ወይስ ሰርቨሩ?

ሴትዩአይዲ ቢት ፕሮግራሙን ማንም ቢያስኬደው በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የምታደርግ የፈቃድ ምልክት ናት፤ 4755 ላይ የመጀመሪያዋ 4 እሷ ናት። ሊኑክስ ላይ ፈቃዱ 4755 የሆነ ፋይል ውስጥ ተራ ተጠቃሚ ከጻፈ፣ ፈቃዱ ወደ 0755 መውረድ አለበት። አለዚያ ሌላ ሰው የነካካው ፕሮግራም በባለቤቱ ሥልጣን ይሠራል። ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት ላሉት ማሽኖቻችን በፊውዝ (ፋይል ሲስተምን ከሊኑክስ ዋና አካል፣ ከከርነሉ፣ ውጭ በተራ ፕሮግራም ለመሥራት በሚያስችለው መንገድ) የጋራ ፋይል ሲስተም ስንሠራ ሁለት መንገድ ነበረን።

አንደኛው ለከርነሉ መተው ነው። ድራይቨራችን ላይ ኮድ አይጨምርም፤ ለአንድ ማሽን ይበቃል። ከርነሉ ግን የነበረውን ፈቃድ ይጠይቃል፣ አዲሱን ያሰላል፣ ከዚያ ሙሉውን ቁጥር ይልካል። በዚህ መሃል ሸዋ ሮቢት ያለው ባልደረባዬ ፋይሉን 0700 (ለባለቤቱ ብቻ ክፍት) ቢያደርገው፣ ከደብረ ብርሃን የሚደርሰው 0755 የእሱን ይሽርበታል። ዘግቶት የሄደው በር ሳያውቅ ተከፈተበት ማለት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ፋይሎቹን የሚይዘው ሰርቨር ሲጽፍ፣ በዚያው ቁልፍ (በመሃል ሌላ እንዳይነካው በሚያግደው ሎክ) ሥር ቢቷን ራሱ እንዲያወርድ ማድረግ ነው። ክፍተቱ ይዘጋል፣ ተጨማሪ ምልልሱም ይቀራል። ሥራው ግን ይበዛል፦ ፋይል ሲያጥርና ባለቤቱ ሲቀየርም ማሰብ ያስፈልጋል። ሴትጂአይዲም (ፕሮግራሙን በቡድኑ ሥልጣን የምታሠራው አቻዋ) ቡድኑ የማስኬድ ፈቃድ ሲኖረው ትወርዳለች። ጸሐፊው ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ከሆነ ደግሞ ቢቶቹ ባሉበት ይቆያሉ።

ከአንድ በላይ ማሽን ለሚጽፍበት ፋይል ሲስተም ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።