ጎንደር ላይ "ሚሽን ኢምፖሲብል" ያየሁበት ቪዲዮ ቤት

ወደ ጎንደር የምትሄዱ ወዳጆቼ ስለ ሆቴልና ስለ ባጃጅ ትጠይቁኛላችሁ። እነግራችኋለሁ። ግን በዘንድሮው ጉዞዬ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ አንደኛ የምለው አውቶፓርኮ አካባቢ ያለ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። ቶም ክሩዝ ሰላይ ሆኖ የሚጫወትበትን የተከታታይ ፊልም የመጨረሻ ክፍል፣ ስምንተኛውን "ሚሽን ኢምፖሲብል"፣ እዚያ ከሰፈር ሰው ጋር ተጋፍቼ አየሁት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ሲወጣ ቶሮንቶ ውስጥ በትልቅ ስክሪን አይቼው ነበር። ወንበሩ ይመቻል፣ ድምፁ ደረት ያንቀጠቅጣል። ሲያልቅ ግን ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ይወጣል። ምን ተሰማህ፣ ምን ተሰማሽ የሚባባል የለም። ጎንደር ላይ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለው ክርክር ራሱ ሌላ ፊልም ነው።

መጀመሪያ ሌላውን ላሳጥረው። ከአዘዞ አየር ማረፊያ ከተማ ያደረሰኝ ባለታክሲ ዋጋውን ሻንጣዬን ሳይነካ በፊት ነገረኝ። ስደርስም አልጨመረም። የባጃጅ ልጆችም ጨዋ ናቸው። ብቻ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ዝርዝር ብርም ያዙ። ያረፍኩበት ሆቴል ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ የቁርሱ ፍርፍርም ምንም አይወጣለትም። ዋይፋዩ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይደርስም። ባመለከትኩ ቁጥር "አሁን ይስተካከላል እህቴ" ይሉኝና እዚያው ይቀራል። ከርቀት ሥራ ይዤ የሄድኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ በጣም አናዶኛል። እንደማይደርስ ቀድመው ቢነግሩኝ ሌላ ክፍል እጠይቅ ነበር።

ፊልም የሚጭነው ልጅ ግን ሊመሰገን ይገባል። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ፍላሼን ተቀብሎ "ሰባተኛውን አይተሻል?" አለኝ። ለምን እንደጠየቀኝ ሳይገባኝ "ስምንተኛው ከሰባተኛው የቀጠለ ነው፤ ያንን ሳታዪ ይሄን ብታዪ ግራ ትጋቢያለሽ" ብሎ አስረዳኝ። ትክክል ነው። ሰባተኛው በ2023 ሲወጣ ክፍል አንድ ተብሎ ነበር፤ ታሪኩ ተንጠልጥሎ ነው ያለቀው። ቪዲዮ ቤቱ ከሰዓት በኋላ ስምንተኛውን እንደሚያሳይ የጠቆመኝም እሱ ነው። ለራሱ ገበያ ሳይሳሳ ወደ ሌላ ሰው ቤት ላከኝ።

ቪዲዮ ቤቱ ከውጭ ሲያዩት የቆርቆሮ ቤት ነው። ጥቁር መጋረጃ ገልጣችሁ ትገባላችሁ። ውስጡ አግዳሚ ወንበር በአግዳሚ ወንበር ነው፤ ፊት ለፊት ትልቅ ቲቪ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከር። መግቢያው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ከአክስቴ ልጅ ጋር ስንገባ ባለቤቱ ፊት ወንበር ላይ የነበሩትን ጎረምሶች "እስኪ ለእህቶቻችን ጠጋ በሉ" ብሎ አስነሳልን። አንድም ሰው አላጉረመረመም። የታየው ትርጉም ፊልም ነው። ተርጓሚው በአማርኛ ይተርካል፤ የሁሉንም ተዋናይ ድምፅ አንድ ሰው ይዞታል።

ትርጉም ፊልም የምትንቁ ካላችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ቶም ክሩዝ ወደ ሰጠመው የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ የሚገባበት ረጅም ትዕይንት አለ። እዚያ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ሲያወራ የቆየው ተርጓሚ ዝም አለ። ቤቱም አብሮት ዝም አለ። ኦቾሎኒ ሲፈለፍል የነበረው ልጅ እንኳ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ቀረ። መርከቡ ሲንከባለል፣ ቶርፒዶዎቹ ሲንሸራተቱ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት "ኧረ በማርያም ውጣ!" አሉ። ቶሮንቶ ላይ ያንን ትዕይንት ጥሩ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። እዚህ እጄ አልቦት ነበር።

ደግሞ መብራት ጠፋ። የጠፋው ቶም ክሩዝ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኑ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ባለቤቱ ግን ሮጦ ወጣ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ተመልሶ ሲመጣ "የት ላይ ነበርን?" ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ባንድ አፍ መለሰለት። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ ከአውሮፕላኑ መነሻ ጀመረልን። ስንት ትልልቅ ቦታ ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቁ ከቆመበት ይቀጥላሉ። ይህ ሰው ተመልካቹን ያከብራል፤ ፊልሙንም ይወዳል።

አሁን ወደ አስተያየቱ ልምጣ። ከቪዲዮ ቤቱ ስንወጣ አጠገቡ ካለች ቡና ቤት ቁጭ አልን። ግማሹ ተመልካች ተከትሎን መጣ፤ የዋልነውን ውሎ ብትሰሙ ትቀኑ ነበር።

ፀጉር አስተካካይ የሆነ ወጣት መጀመሪያ ያነሳው የቶም ክሩዝን ዕድሜ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ይህ ፊልም ሲወጣ 62 ዓመቱ ነበር። "በዚህ ዕድሜ አውሮፕላን ክንፍ ላይ የሚወጣ ሰው ሥራውን ያከብራል ማለት ነው" አለ። በስድስተኛው ፊልም ቀረጻ ለንደን ላይ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ መሰበሩን ያውቃል። የተሰበረበት ዝላይ ራሱ ፊልሙ ውስጥ እንደገባም ያውቃል። ለእሱ ከስምንቱ አንደኛው ስድስተኛው ነው።

የአክስቴ ልጅ አልተስማማችም። እሷ ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት። ለእሷ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አራተኛው ነው፤ ቡርጅ ከሊፋ ላይ የሚወጣበት። ሕንፃው 828 ሜትር ነው። "ልብስ ሳሰጣ በየቀኑ አየዋለሁ። ያንን መስታወት በእጁ ሲወጣ ሳይ እኔን ነበር የሚያዞረኝ" አለች። ቡና ቤቱ ውስጥ ዱባይ እህት ወይም ልጅ የሌለው ሰው አልነበረምና ሁሉም በጥሞና ሰማት። እኔም በምርጫው ከእሷ ጋር ነኝ። ተራኪ አያስፈልገውም፤ ሰው፣ መስታወትና ከፍታ ብቻ ነው።

ጠላቱን ግን የወደደው ጥቂት ነው። በዚህ ፊልም ጠላቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የሀገራትን የኑክሌር መሣሪያ እየተቆጣጠረ ይሄዳል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሐሳቡን አደነቀው፤ ዘመኑን ይመስላል አለ። ሌሎቹ "ፊት የሌለው ጠላት እንዴት ይጠላል?" አሉ። እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ስለዚህ ፍጡር ማብራሪያ በማብራሪያ ነው። ከኋላ ያሉት ልጆች ማውራት የጀመሩት ያኔ ነበር። ፊልሙ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ቢቆረጥ ማንም አይጎድልበትም ነበር።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን የአንድ ሽማግሌ አስተያየት ነው። ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ቀስ ብለው "ስለ ዶንሎ አንድም ሰው አላነሳም" አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ቶም ክሩዝ በገመድ ወርዶ ከሲአይኤ ምስጢራዊ ክፍል መረጃ ይሰርቃል። በዚያ ክፍል የሚሠራው ሰው ዶንሎ ነበር። በዚያ ስርቆት ሰበብ አለቃው ወደ አላስካ ራዳር ጣቢያ እንዲጣል አዘዘበት። ያኔ ሁላችንም ስቀንበታል። በስምንተኛው፣ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ያው ተዋናይ ሮልፍ ሳክሰን በዚያው ገጸ ባሕርይ ተመለሰ። ቂም አልያዘም። ሚስቱን ያገኘው በግዞቱ ቦታ ነው፤ ሕይወቱን ወዶታል።

"የበደለውን ሰው ቤቱ ተቀብሎ ረዳው" አሉ ጋሼ። "አውሮፕላኑን ነገ ትረሱታላችሁ። እኔ የማስታውሰው እሱን ነው።"

ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ዝም አለ። ከዚያ ወሬው ወደ ፊልሙ ጀግና የቅርብ ጓደኛ፣ ወደ ሉተር ዞረ። ከስምንቱም ፊልሞች ያልቀሩት ሁለት ተዋንያን ብቻ ናቸው፤ ቶም ክሩዝና ሉተርን የሚጫወተው ቪንግ ሬምስ። በዚህኛው ሉተር ላይ የሚሆነውን ላላያችሁት አልነግራችሁም። ከኋላዬ የነበሩት እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደዋል። እኔ ባነበብኳቸው የውጭ ግምገማዎች ወሬው ሁሉ ስለ ክንፉና ስለ ሰርጓጁ ነበር። እዚህ ሰው የመዘነው ወዳጅነቱን ነው፤ ማን ለማን ቆመ፣ ማን ማንን ማረ። እኔም ፊልሙን እንደገና ያየሁት በእነሱ ዓይን ነው፤ ቶሮንቶ ላይ ሰባት የሰጠሁትን አሁን ስምንት ተኩል እሰጠዋለሁ።

ለቪዲዮ ቤቱ የምለው አለኝ። አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም፤ ለረጅም ፊልም ወገብ ይገድላሉ። መጸዳጃ ቤት የለም፤ ቡና ቤቱን መለመን ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሴቶች ጥቂት መሆናቸው ነው። ከእኛ ሌላ እናቲቱና ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ለባለቤቱ ይህንን ፊት ለፊት ነገርኩት። እሑድ ከሰዓትን ለቤተሰብ ቢያደርገው፣ የፊቱን ሁለት ረድፍም ለሴቶች ቢይዝ ከጓደኞቿ ጋር እንደምትመጣ የአክስቴ ልጅ ነገረችው። "ከፋሲካ በኋላ እንሞክረዋለን" አለ።

ሌላ ቅሬታዬ በእሱ ላይ አይደለም። ይህን የመሰለ ተመልካች ያለው ከተማ እንዲህ ዓይነት ፊልም በወጣበት ወቅት፣ በሕጋዊ መንገድ፣ በደህና አዳራሽ ማየት ነበረበት። ፒያሳ ላይ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የሲኒማ ሕንፃ የቆመበት ከተማ ነው። ገንዘብ ያላችሁ የጎንደር ልጆች፣ ሆቴል ብቻ አትሥሩ።

የምትሄዱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፤ የፊቱ ወንበር ቶሎ ይያዛል። ትራስ ወይም ጋቢ ያዙ። ሲያልቅ ደግሞ ወደ ሆቴል አትሩጡ፤ ቡና ቤቱ በስተቀኝ ነው።