ቀበቶ ማጥበቅ ወይስ ካዝና መክፈት?

አራት ኪሎ፣ ከምክር ቤቱ ብዙም በማትርቅ ቡና ቤት፣ የማኪያቶው ዋጋ በነጭ ፕላስተር ተሸፍኖ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ፕላስተሩ ሦስተኛው ነው። የበጀት ክርክር ለኔ የሚገባኝ እዚህ ነው።

አንደኛው ወገን «መንግሥት ብር እያተመ ጉድለቱን አይሙላ» ይላል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ጋር የመጣው የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የብድር ፕሮግራምም ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር የሚገታ ነው። የዋጋ ንረትን ለማብረድ ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም። ግን ልጓሙ ሲጠብቅ ቶሎ የሚቆረጠው ደመወዝ ወይም ዕዳ አይደለም፤ ግማሽ የደረሰ መንገድ ነው።

ሌላው «መጀመሪያ ኢኮኖሚው ያገግም» ባይ ነው። የ2017 በጀት በ971.2 ቢሊዮን ብር ጸድቆ፣ ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ተጨመረበት፤ ከፊሉ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለደመወዝ። የነዳጁ ድጎማ ባይኖር ታክሲውም አይቀመስም ነበር። (የተቃዋሚ ወንበር ጥቂት ስለሆነ ክርክሩ ከአዳራሹ ይልቅ ቡና ቤት ይሞቃል።)

እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፤ ለመንገድና ለመሰል ግንባታ የሚውለው ካፒታል በጀት ከልጓሙ ነፃ ከሆነ። አጠገቤ የሚቀመጡት ጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ያችን ቀዳዳ ክፈትና፣ ነገ የስብሰባ ውሎ አበሉም ካፒታል ይባልልሃል» አሉኝ።