ለወንድሜ ጆይስቲክ መላ ያገኘለት ልጅ

ዘግይቻለሁ፣ ግን ሳላመሰግን ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ታናሽ ወንድሜን አምና ሥራ ላይ ቀኝ እጁን ማሽን ጎዳው። ጣቶቹ ተርፈዋል፣ ተመስገን። አውራ ጣቱ ግን እንደ ድሮው አይታዘዘውም። ቤታችን አጎታችን ከጅዳ ያመጣልን ሴጋ ሜጋ ድራይቭ የሚባል የቴሌቪዥን ጌም አለ፣ ያ ጃፓን በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣችው። አብረን ያደግንበት ነው። ተኩስ ያለበት ጌም ላይ ደግሞ ቁልፉን ያለ ዕረፍት መደብደብ ነው። ትንሽ ሞከረና ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «አንቺ ተጫወቺ» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ቱርቦ የሚባል ቁልፍ እንደሚገጠም ሰማሁ። ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው፣ መደጋገሙን ራሱ ይሠራዋል። የሚገጥም ፍለጋ ዞርኩ። አንዱ ሳይከፍተው «ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ጣዪው» አለኝ። ሌላው ቀብድ ተቀብሎ 3 ሳምንት «ነገ ነይ» ሲለኝ ከረመ። በመጨረሻ ገመዱ ተቆርጦ፣ 2 ብሎን ጎድሎ መለሰልኝ። ይቅርታ እንኳን የለም። እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ከዚያ በሰው ጥቆማ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ወዳለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ሄድን። ልጁ ጆይስቲኩን ለመክፈት አልተጣደፈም። መጀመሪያ ወንድሜን አስቀመጠው። «እስቲ እንደምትጫወት አድርገህ ያዘው» አለው። ዝም ብሎ ጣቶቹን አየ። እስክሪብቶ አወጣና የግራ ሌባ ጣቱ የሚያርፍበት ጋ፣ ከጀርባ በኩል፣ ነጥብ አደረገ። «ይመችሃል? አይርቅም?» ደጋግሞ ጠየቀው። ስለ ጉዳቱ አንድም ነገር አላነሳም። ያን እጅ አይቶ ከንፈሩን ያልመጠጠ ሰው እሱን አየሁ።

ምኑን ከምን እንደበየደው አልገባኝም። በ2ኛው ቀን ደወለልን። ነጥቧ ላይ ትንሽ ቁልፍ ተገጥማለች። ወንድሜ በግራ ጣቱ ያዛት፣ ጥይቱ ተንቆረቆረ! የድሮዎቹ ቁልፎች እንደነበሩ ናቸው። ገመዱን ቀጥሎታል፣ ብሎኖቹንም ተክቷል፣ ለዚህ ሳንቲም አልጨመረብንም። ሒሳብ የተቀበለውም ወንድሜ እዚያው ሞክሮ «ይሠራል» ካለ በኋላ ነው።

አሮጌ ጌም ያላችሁ፣ እባካችሁ እሱ ጋ ውሰዱ። ጣሉት ቢሏችሁ አትስሙ፣ እሱ ጋ ውሰዱ። ስሙን ሳላስፈቅደው አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ሱቁን እጠቁማለሁ።

ይህን ስጽፍ ወንድሜ ሳሎን እየተጫወተ ነው። እናቴ እንደ ድሮው «ድምፁን ቀንስ!» እያለች ነው። እጅህ ይባረክ የኔ ወንድም።