«የኖይሽቫንስታይን የሙሉ ቀን ጉብኝት» ገዝታችሁ በሩ ላይ እንዳትቀሩ

ይህን የምጽፈው ከዚያው አውቶቡስ ሳልወርድ ነው። ሙኒክ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይቀረናል፤ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ መስኮቱን ተደግፋ ተኝታለች። ለሁለት ሰው 138 ዩሮ ከፍዬ፣ ኖይሽቫንስታይን የተባለውን የደቡብ ጀርመን ቤተ መንግሥት ግንቡን ከውጭ አሳይቻት መመለሴ ነው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ጠዋት ከሙኒክ ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አውቶቡስ ደርድረው ሰው የሚሰበስቡት ናቸው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ የቤተ መንግሥቱ፣ በትልቁ የተጻፈው ስም የቤተ መንግሥቱ። ከሥሩ አስጎብኚ፣ ምቹ አውቶቡስ፣ ሙሉ ቀን ይላል። ይህን አይቶ የከፈለ ሰው በሩን እንደማያልፍ በምን ይጠርጥር?

ከቤተ መንግሥቱ ሥር ባለችው መንደር በሆኸንሽቫንጋው መኪና ማቆሚያው ላይ ወረድን። አስጎብኚው ከኪሱ ዝርዝር አውጥቶ ስም ጠራ፤ የተጠሩት ወደ ቀኝ፣ ያልተጠራነው ወደ ግራ። ለእኛ «እስከ 9 ሰዓት ተኩል ነፃ ናችሁ፣ እዚሁ እንገናኝ» ብሎ ሊሄድ ሲል «መግቢያችንስ?» አልኩት። መልስ የለም፤ እጁን ዘርግቶ ስልኬን ተቀበለኝ። የከፈልኩበትን ገጽ ወደ ታች ገፋው፣ አሁንም ገፋው። ምሳ አይጨምርም የሚለውን አለፈ፣ ቲፕ አይጨምርም የሚለውን አለፈ፤ ከዚያ በሁለት ጣቱ አንዲት ግራጫ መስመር አሰፋ። የቤተ መንግሥት መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። ስልኩን መዳፌ ላይ አስቀመጠና «ተጽፏል» አለኝ። በቃ፣ ይቺን ብቻ። ወደ ቀኞቹ ሄደ።

የቤት ኪራይ ውል በጀርመንኛ ገጽ በገጽ አንብቤ የምፈርም ሰው፣ አንድ ስልክ ወደ ታች መግፋት አቃተኝ!

ትኬት መሸጫው ስንደርስ የዕለቱ አልቋል። የሚገርም ነገር የለውም። ያሠራው የባየርን ንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ በሞተ በ7 ሳምንቱ፣ በነሐሴ 1886 (በፈረንጅ)፣ ለጎብኚ የተከፈተ ቤት ነው፤ ዩኔስኮም በ2025 መዝግቦታል። ውስጡን ማየት የሚቻለው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ትኬት ሰዓትና ደቂቃ አለው፤ በአንድ ዙር የሚገባው ሰው የተወሰነ ነው። ስለዚህ የመግቢያው ብዛት አይጨምርም፤ የሚጨመረው አውቶቡስ ነው። ነጋዴው ለጥቂቶቹ ትኬት ይይዝና በተጨማሪ ዋጋ ይሸጥላቸዋል፤ ሌላውን በፎቶው ጭኖ ያመጣዋል። እናቴ ቀና ብላ አይታ «ልጄ፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ፣ ለምን አያስገቡንም?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ትኬት የያዙትም ቢሆኑ ሁሉም አልገቡም። ከትኬት መሸጫው እስከ በሩ 1.5 ኪሎ ሜትር ዳገት ነው፤ በእግር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። የፈረስ ጋሪው ከግቢው በታች ስለሚያወርድ ቀሪው ዳገት በእግር ነው። አመላላሽ አውቶቡሱ ደግሞ ከላይ፣ ማሪየንብሩከ ድልድይ አጠገብ ጥሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ በረዶ ከጣለ አይሠራም። ለሁለቱም ሰልፍ አለ። ሰዓታችሁ ካለፈ ትኬቱ ወረቀት ነው፤ ነገ ተመለሱ የሚል የለም። ጉልበት የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ወደ ላይ 165፣ ወደ ታች 181 ደረጃ አለ፤ ያውም ለግማሽ ሰዓት ጉብኝት፣ ፎቶ ማንሳት በማይቻልበት። ዙፋን የሌለበትን የዙፋን አዳራሽ አይቶ መውጣት ነው።

እኛ ድልድዩ ላይ ወጥተን ፎቶ ተነሳን። ድልድዩ በነፃ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ራሱ ከዚያ የተነሳ ይመስላል።

መሄድ የምትፈልጉ መጀመሪያ ከራሱ ከቤተ መንግሥቱ የኢንተርኔት መሸጫ ባለ ሰዓት ትኬት ያዙ፤ መጓጓዣው ቀጥሎ ይምጣ። ከ18 ዓመት በታች በነፃ ነው፤ ግን ለልጅም ትኬት ማስያዝ አለባችሁ። ባየርን ቲኬት የሚባለው የአንድ ቀን የባቡር ትኬት አንዱ እስከ 5 ሰው ይዞ ከሙኒክ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ወዳለችው ከተማ ፉሰን ድረስ ይወስዳል፤ ባቡሩ 2 ሰዓት ያህል ነው፣ ከጣቢያው 73 ወይም 78 ቁጥር አውቶቡስ 10 ደቂቃ። በሥራ ቀን ያ ቲኬት የሚሠራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በፈረንጅ 9) ጀምሮ ስለሆነ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ያለ መግቢያ አትያዙ።

አስጎብኚው አሁን ማይክሮፎኑን አስቀምጦ የቲፕ ኮፍያ እያዞረ ነው። ሁለት ወንበር ቀርቶታል።